ባህር ዛፍ ምሰሶ ውስጥ ከገባው መድኃኒት ስንቱ ይቀራል?

ምሰሶ ላይ የሚወጣ የመብራት ሠራተኛ ቀበቶውን ከማሰሩ በፊት ግርጌው ላይ ቆሞ እንጨቱን በመዶሻ ይመታል። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠው ይወጣል፤ እንደ ባዶ እንስራ ካስተጋባበት ግን እግሩን አያነሳም። ዕድሜ የጠገበ ምሰሶ ላዩ ታይቶ አይታመንም። ቁመቱ ቀጥ ያለ፣ ቀለሙም ገና አረንጓዴ ቢጤ የሆነ ባህር ዛፍ፣ አፈሩን በሚነካበት ቦታ ውስጡ ተበልቶ ያለቀ ሊሆን ይችላል። ከአፈር በላይ ያለውን ክፍል ፀሐይና ነፋስ ስለሚያደርቁት ለፈንገስ አይመችም። በጥልቁ ደግሞ አየር ያንሳል። እርጥበት፣ አየርና ሕይወት ያለው አፈር አንድ ላይ የሚገናኙት ከመሬቱ ገጽ ትንሽ ከፍና ትንሽ ዝቅ ባለችው ስፍራ ነው። ምሰሶ የሚሞተው እዚያች ላይ ነው፤ ምስጥም መንገዱን የሚጀምረው ከዚያው ነው።

ይህ ምሰሶ ግን እንዳይበሰብስና ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል «የታከመ» ተብሎ ነው የተተከለው። ሲገዛ በአንድ ሜትር ኩብ ይህን ያህል ኪሎ መድኃኒት ይዟል የሚል ወረቀት አብሮት ነበር። ወረቀቱ ሐሰት ላይሆን ይችላል። የሚናገረው ግን እንጨቱ ከማከሚያው ሲሊንደር፣ መድኃኒቱን በግፊት ከሚያስገባው የብረት በርሜል፣ በወጣበት ቀን ስለያዘው መጠን ብቻ ነው። ከዚያች ቀን በኋላ ስንት ክረምት ይዘንብበታል፤ ውስጡ የገባው ኬሚካል ምን ያህሉ እንደሚቀር፣ ምን ያህሉ ታጥቦ አፈር ውስጥ እንደሚገባ ወረቀቱ አይነግረንም። በእኔ እምነት የኢትዮጵያ የእንጨት ምሰሶ ነገር የተበላሸው ይህ «ምን ያህሉ ይቀራል?» የሚለው ጥያቄ ሳይጠየቅ እየታለፈ ነው። ባህር ዛፍ ደግሞ ጥያቄው በዋዛ የማይታለፍበት እንጨት ነው።

ነገሩ ከሥሩ እንዲገባን ወደ ሕንድ እንሂድ። በዴህራዱን የደን ምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ሳይንቲስት ሶንቲ ካሜሳን እ.ኤ.አ. በ1933 መዳብን፣ አርሴኒክንና ክሮሚየምን አዋሕዶ አንድ የእንጨት መድኃኒት ሠራ። መጀመሪያ «አስኩ» ተባለ፤ ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ሲሲኤ በሚለው ስሙ ነው። መዳብ ፈንገስን ይገድላል፤ አርሴኒክ ምስጥንና መዳብን የሚችሉ ፈንገሶችን ይገታል። ሁለቱም ከካሜሳን በፊት የታወቁ መርዞች ነበሩ። ችግራቸው አለመቆየታቸው ነበር፤ በውሃ ተበጥብጠው ገቡ፣ በውሃ ታጥበው ወጡ። የካሜሳን ብልሃት ያረፈው በሦስተኛው ላይ ነው። ክሮሚየም ራሱ ብዙም አይገድልም፤ ሥራው ሌሎቹን ማሰር ነው። እንጨቱ ውስጥ ሲገባ በውሃ የሚሟሟና እጅግ መርዛማ የሆነው ዓይነት ነው። ከእንጨቱ ጋር ሲገናኝ ግን ባሕርዩ ይለወጥና ውሃ በቀላሉ የማያሟሟው ይሆናል። በለውጡ ሂደት አርሴኒኩን ከራሱ ጋር አጣብቆ፣ መዳቡም የእንጨቱን ጥቃቅን ሕዋሳት ግድግዳ እንዲይዝ አድርጎ ሁሉንም እዚያው ያስራቸዋል። ዛሬ በስፋት የሚሠራበት ድብልቅ በኦክሳይድ ሲሰላ 47.5 በመቶው ክሮሚየም፣ 18.5 በመቶው መዳብ፣ 34 በመቶው አርሴኒክ ነው። ማሰሪያው ከመድኃኒቱ ግማሹን ሊያህል ምንም አልቀረውም።

እንግዲህ መድኃኒቱ ለሞቃት አገር፣ ለምስጥና ለዝናብ ታስቦ የተሠራ ነው። ዝናውን ያተረፈው ግን ሌላ ቦታ ነው። አሜሪካ ሚሲሲፒ ውስጥ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የታከሙ እንጨቶች በግማሽ አካላቸው አፈር ውስጥ እየተቀበሩ በየጊዜው ይመረመራሉ፤ ባለሙያዎቹ ይህን «የመቃብር ሙከራ» ይሉታል። በሲሲኤ በሚገባ የታከሙት እዚያ ለአሥርተ ዓመታት ሳይወድቁ ቆዩ። እንጨታቸው ግን ፓይን ነው፤ መርፌ ቅጠል ያለው፣ ፈሳሽን በቀላሉ የሚጠጣ፣ መድኃኒቱም በግድግዳው ውስጥ ሁሉ በእኩል የሚሰራጭበት ዛፍ። ዓለም «ሲሲኤ የገባበት እንጨት ዕድሜ ልክ ነው» ያለው ፓይንን አይቶ ነው።

አውስትራሊያዊቷ ኩዊንስላንድ ሌላ ታሪክ አላት። እዚያ ምሰሶው ባህር ዛፍ ነው፤ ለነገሩ የዛፉ የትውልድ አገር ነው። በ1970ዎቹ በሲሲኤ የታከሙ የባህር ዛፍ ምሰሶዎች ከአፈሩ መስመር ላይ ባልተጠበቀ ፍጥነት እየተበሉ ተገኙ። ከላይ ቀስ እያለ የሚያለሰልስ፣ «ለስላሳ ብስባሽ» የሚባለውን ጉዳት የሚያደርስ ፈንገስ ነበር። የሚገርመው እንጨቱ ተመርምሮ የመድኃኒቱ መጠን እንደ ደንቡ ሆኖ መገኘቱ ነው። ኪሎው ሞልቷል፤ እንጨቱ ግን በስብሷል።

ምክንያቱ ሁለት ነው፤ ሁለቱም እኛን ይመለከታሉ። አንደኛው ሥርጭት ነው። ባህር ዛፍ ውሃ የሚያመላልስባቸው ሰፋፊ ቱቦዎች አሉት። መድኃኒቱ በግፊት ሲገባ በእነዚህ ቱቦዎች ይሮጥና እነሱንና በዙሪያቸው ያለውን ያጠግባል። የእንጨቱ ጉልበት ያለው ግን በቱቦዎቹ መካከል በታጨቁት ወፍራም ግድግዳ ባላቸው፣ እንደ ክር በቀጠኑ ጭረቶች ውስጥ ነው፤ እነሱ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ላቦራቶሪ እንጨቱን ፈጭቶ አማካዩን ሲያወጣ የጠገበውና የተራበው ተደባልቀው ጥሩ ቁጥር ይሰጣሉ። ለስላሳ ብስባሽ የሚያመጣው ፈንገስ ግን አማካይ አያውቅም፤ በተራበው ግድግዳ ውስጥ ዋሻውን እየቆፈረ ይሄዳል።

ሁለተኛው ምክንያት መያያዝ ነው፤ የዚህ ጽሑፍም ዋና ጉዳይ እሱ ነው። መድኃኒቱ በዋነኛነት የሚጣበቅበት የእንጨቱ ክፍል ሊግኒን የሚባለው፣ ጭረቶቹን እንደ ሙጫ የሚያያይዘው ንጥረ ነገር ነው። የፓይን ሊግኒንና የባህር ዛፍ ሊግኒን በአሠራራቸው አይመሳሰሉም፤ በባህር ዛፉ ውስጥ ብረቶቹ ሊጨብጡት የሚችሉት ክፍት እጅ ያንሳል። ስለዚህ ተመሳሳይ መጠን ገብቶም እንደ ባህር ዛፍ ካሉ ሰፊ ቅጠል ከሚባሉት ዛፎች፣ በተለይ አርሴኒኩ፣ ከፓይን ይልቅ በብዛት ታጥቦ ይወጣል። በአጠቃላይ ከሦስቱ እንደ ክሮሚየም የሚጸና የለም፤ የሚሸሹት መዳብና አርሴኒክ ናቸው። ይህ ማለት ደግሞ እየቆየ ሲሄድ እንጨቱ ውስጥ የሚበዛው ማሰሪያው፣ የሚያንሰው ገዳዩ ይሆናል።

መታጠቡም በየዓመቱ እኩል አይደለም። አብዛኛው የሚወጣው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፤ ሳይጣበቅ የቀረውና ላዩ ላይ የደረቀው በመጀመሪያው ዝናብ ይሄዳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው እያዘገመ ነው። የአፈሩም ጠባይ ይለያያል። አሲድነት ያለው አፈርና ከበሰበሰ ቅጠል የሚወጣው ጥቁር ውሃ መዳቡን ከእንጨቱ ይነጥቁታል። የምዕራብ ኢትዮጵያ አፈር በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው፤ በምስጥ የሚታወቀውም ያው ምዕራቡ፣ የወለጋ ምድር ነው። ሁለቱ ጠላቶች እዚያ አንድ ላይ ይጠብቁናል።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ፤ በቂ ትኩረት ያልተሰጠው ነገር ያለው እዚህ ይመስለኛል። ክሮሚየሙ ባሕርዩን ለውጦ እስኪያስር ድረስ ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውን የሚወስነው ደግሞ ሙቀት ነው። 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በሆነ አየር ሳምንታት ይወስዳል። በእንፋሎት ቢሞቅ በሰዓታት ያልቃል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ ግን በጣም ይጎተታል። «የሐሩር ክልል አገር» ሲባል ሰው የሚያስበው ሙቀት ነው፤ ኢትዮጵያም በካርታው ላይ እዚያው ናት። ባህር ዛፉ የሚበቅለውና በብዛት የሚቆረጠው ግን በደጋና በወይና ደጋ ነው። የአዲስ አበባ የዓመት አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሌሊቱ ደግሞ ከዚያ እጅግ ዝቅ ይላል። ከሲሊንደር የወጣ ምሰሶ በሐምሌ ግቢ ውስጥ ተከምሮ ዝናብ ሲወርድበት፣ ውስጡ ያለው ክሮሚየም ገና አልታሰረም፤ አርሴኒኩም ገና ልቅ ነው። የሚንጠባጠበው ውሃ በገንዘብ የተገዛ መድኃኒትና መርዝ በአንድ ላይ ነው። የመስመር ዝርጋታ ችኩል ሥራ ነው፤ ምሰሶ ይፈለጋል፣ መኪና ቆሞ ይጠብቃል። ያቺ ሦስትና አራት ሳምንት በጣሪያ ሥር የመቆየት ነገር በችኮላ የምትዘለል የመጀመሪያዋ ነገር ናት። ከኮንትራት ሰነዱ ሁሉ አንድ መስመር ጨምር ብባል የምጨምረው እሷን ነው፤ መድኃኒቱ መያዙ ሳይረጋገጥ ምሰሶው ከግቢ አይወጣም የሚል። ማረጋገጫው ከባድ አይደለም። ከእንጨቱ በቀጭን መሰርሰሪያ በወጣ ናሙና ላይ ያልታሰረ ክሮሚየም መኖር አለመኖሩን በቀለም የሚያሳይ የኬሚካል ጠብታ አለ። መዳቡ ምን ያህል ጠልቆ እንደገባም እንዲሁ ክሮም አዙሮል በሚባል ጠብታ ይታያል፤ መዳብ የደረሰበት ሁሉ ድምቅ ያለ ሰማያዊ ይሆናል።

ጥልቀቱን ካነሳን፣ ባህር ዛፍ ላይ መድኃኒት የሚገባው በውጨኛው፣ ነጣ ባለው ቀለበት ብቻ ነው። የእንጨቱ ልብ በተፈጥሮ ተደፍኗል፤ በግፊትም አይበገርም። ስለዚህ የታከመ ምሰሶ ማለት በእውነቱ ያልታከመ ግንድ የታከመ ካፖርት ለብሶ ማለት ነው። ካፖርቱ ከተቀደደ ጠላት ይገባል። መቅደጃው ደግሞ ብዙ ነው። ምሰሶው ሳይደርቅ ታክሞ ኋላ ፀሐይ ላይ ሲሰነጠቅ፣ ለብረት መስቀያው ከታከመ በኋላ ሲበሳ፣ ረዘመ ተብሎ ግርጌው በመጋዝ ሲቆረጥ ሁሉ የውስጡ ራቁት ይወጣል። መበሳትም መቆረጥም ያለበት ከመታከሙ በፊት ነው። ግዴታ ሆኖ ሜዳ ላይ ከተቆረጠ ደግሞ ቁስሉ መቀባት አለበት፤ የተቆረጠውም ጫፍ ወደ አፈር መግባት የለበትም።

ቁጥሩን በራሳችን ምሰሶ ላይ እናስላው። ቁመቱ 10 ሜትር፣ አማካይ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ ምሰሶ እንውሰድ። መድኃኒቱ 2.5 ሳንቲ ሜትር ገብቷል እንበል። የታከመው ቀለበት 0.137 ሜትር ኩብ ያህል ይሆናል፤ ከጠቅላላው እንጨት ግማሽ አይሞላም። የአሜሪካ ደንብ ለመብራት ምሰሶ የሚጠይቀው በሜትር ኩብ 9.6 ኪሎ ነው። በዚህ ስሌት አንዱ ምሰሶ 1.3 ኪሎ ገደማ መድኃኒት ይሸከማል፤ ከዚያ ውስጥ ንጹሕ አርሴኒኩ ብቻ ወደ 290 ግራም ይመጣል። በመንገድ ዳር የቆመ አንድ ምሰሶ ይህን ያህል መርዝ ይዟል ማለት ነው። ከእንጨቱ ጋር እስከተጣበቀ ድረስ ሰውን አይጎዳም፤ ታጥቦ ሲወጣም ብዙውን ጊዜ ከግርጌው ብዙ ሳይርቅ አፈሩ ይዞ ያስቀረዋል። አሳሳቢው አፈር በሺህ የሚቆጠሩ ምሰሶዎች ትኩስ ትኩስ እንደወጡ የሚንጠባጠቡበት የማከሚያው ግቢ ነው። ወለሉ በኮንክሪት ያልተሠራ፣ ጠብታው ተሰብስቦ ወደ ገንዳው የማይመለስበት ግቢ የጎረቤቱን ጉድጓድ ውሃ አደጋ ላይ ይጥላል።

የላቦራቶሪ ቁጥር ሲቀርብ ደግሞ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የመታጠብ ፈተና በተለመደው አሠራር 19 ሚሊ ሜትር ጎን ያላቸው ትንንሽ እንጨቶች ለ14 ቀናት ውሃ ውስጥ ተነክረው፣ ውሃው እየተለወጠ ነው የሚካሄደው። የትንሽ እንጨት ገጽታ ከአካሉ አንጻር ትልቅ ስለሆነ ከምሰሶ ይልቅ በፍጥነት ይታጠባል። ስለዚህ ከፈተናው የወጣውን በመቶኛ አንስቶ «ምሰሶው ይህን ያህል ያጣል» ማለት ስሕተት ነው። ፈተናው የሚጠቅመው ሁለት መድኃኒትን ወይም ሁለት እንጨትን ጎን ለጎን ለማወዳደር ነው። ስለ ምሰሶ የሚነግረን የመቃብር ሙከራ ነው፤ እሱም በራሳችን አፈር፣ በራሳችን ምስጥ ፊት፣ በራሳችን ባህር ዛፍ። የእንጨት ተመራማሪዎቻችን እንዲህ ያለ ሥራ ሠርተዋል። ውጤቱ ግን ምሰሶ ገዢው ጠረጴዛ ላይ ሊደርስ፣ የግዢ መስፈርት ውስጥ ሊገባ ይገባል።

ዓለም ከሲሲኤ እየራቀ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 መጨረሻ ጀምሮ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን እንጨት በሲሲኤ ማከም ቆሟል፤ ለመብራት ምሰሶ ግን ዛሬም ይፈቀዳል። አውሮፓ በ2004 የበለጠ ጠበቅ አድርጋዋለች። በምትኩ የመጡት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች አርሴኒክም ክሮሚየምም የሌላቸው፣ በመዳብ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ለጤና ይሻላሉ፤ ማሰሪያው ስለቀረ ግን መዳቡ ከሲሲኤው በላይ ይታጠባል፣ ሚስማርና ብሎንም ቶሎ ያዝጋሉ። ክሬኦሶት የሚባለው ካትራሜ መሳይ ዘይት ከእንጨቱ ጋር አይጣበቅም፤ የሚቆየው ውሃ ስለማያሟሟው ነው። በጠራራ ፀሐይ ግን ላብ እንደሚያልበው ሰው በላዩ ይፈስሳል፣ ወደ ግርጌው ይወርዳል፣ የነካውንም ሰው ቆዳ ያቃጥላል። ቦራክስ ለቤት ውስጥ ማገርና ለቀርከሃ ጥሩ ነው፤ ነቀዝን ይከላከላል፣ ለሰውም የዋህ ነው። አፈር ውስጥ ለሚተከል ቋሚ ግን አይሆንም፤ ምንም ነገር አልያዘውምና ሁለት ክረምት ሳይሞላው ሊያልቅ ይችላል።

በየገጠሩ ቋሚ የሚተክለው ገበሬ ይህን ሁሉ ኬሚካል አያገኝም። ጫፉን በእሳት ይለበልባል፣ ወይም ከጋራዥ ያመጣውን የተቃጠለ ዘይት ይቀባል። ሁለቱም ከላይ ይቀራሉ፤ ቋሚው ሲሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ ይገባል። የተቃጠለ ዘይት ደግሞ ከሞተር ያመጣውን ብረት ጓሮ አፈር ውስጥ ይተዋል። አባቶቻችን ያውቁት የነበረው መፍትሔ ሌላ ነበር፤ የሐበሻ ጥድና ወይራ። የጥድ ልብ ዛፉ ራሱ እያደገ ያጠራቀመው መድኃኒት አለው። በውሃ የማይታጠብ፣ ምስጥ የሚጠላው ዘይትና ሙጫ ነው። የድሮ አጥርና የቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም እንጨት ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ለዚህ ነው። ጥዱን ግን ጨርሰነዋል፤ በምትኩ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያስገባነው ባህር ዛፍ በጥቂት ዓመት ያድጋል፣ በጥቂት ዓመትም ይበሰብሳል። ጥድ አርባ ዓመት ሲሠራ የኖረውን ሥራ በአንድ ቀን ሲሊንደር ውስጥ ለመሥራት ነው የምንሞክረው።

የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት አሁን ፊቱን ወደ ኮንክሪት ምሰሶ አዙሯል። ለዋና መስመሮች ትክክል ነው እላለሁ። ሆኖም ኮንክሪት ከባድ ነው፤ መንገድ በሌለው ቀበሌ በሰው ትከሻ አይወጣም፣ ክሬን ይጠይቃል። የገጠሩ መስመር ገና ለብዙ ዓመት በእንጨት ነው የሚዘረጋው። ስለዚህ የቆሙትን ማቆየት ያስፈልጋል። አፈሩን ግማሽ ሜትር ያህል ቆፍሮ፣ የተበላውን ጠርጎ፣ መድኃኒት ያለበት ልጥፍ ጠምጥሞ አፈሩን መመለስ በሌሎች አገሮች የተለመደ ሥራ ነው። አዲስ ምሰሶ ከማምጣት ያነሰ ወጪ ነው፤ የሚፈልገው ግን ምሰሶው መቼ እንደታከመና በምን እንደታከመ ማወቅን ነው።

ያ እውቀት ደግሞ ምሰሶው ከተነቀለ በኋላ የበለጠ ያስፈልጋል። የወደቀ ምሰሶ መንገድ ዳር ተኝቶ አይከርምም፤ አጥር ይሆናል፣ ተፈልጦ ለማገዶ ይውላል። የአርሴኒኩ ከፊል በጭስ ይወጣል፤ የቀረው አመዱ ውስጥ ይከማቻል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ዊስኮንሲን ውስጥ አንድ የገጠር ቤተሰብ በሲሲኤ የታከመ እንጨት በቤት ምድጃ እያነደደ ብርድ በመጣ ቁጥር ይታመም ነበር፤ ፀጉራቸው ረገፈ፣ ቆዳቸው ቆሰለ፤ በኋላ ሲመረመር አርሴኒኩ በፀጉራቸውም በአመዱም ውስጥ ተገኘ። እኛ ጋ ጭሱ ከጎጆው አይወጣም፤ አመዱም አይጣልም። ለጎመን መደብ ይበተናል፣ ዕቃ ይፈተግበታል። አረንጓዴው ቀለም በፀሐይ ግራጫ ሆኖ ስለሚጠፋ ላዩን ያየ ሰው አይለየውም። ጫፉ አዲስ ሲቆረጥ ግን ይለያል፤ ዳር ዳሩን አረንጓዴ ቀለበት፣ መሃሉ ቡና ዓይነት። ይህን ምልክት ምሰሶ የሚነቅለው ሠራተኛም፣ ፍላጭ የምትገዛዋም እናት ማወቅ አለባቸው። በምሰሶው ላይ የታከመበት ዓመትና የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ትንሽ ቆርቆሮ ተመትቶ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ቢቆይ፣ የነቀለውም ክፍል ቆጥሮ ተረክቦ ወደ ማከማቻ ቢመልሰው፣ ያ 290 ግራም ወደ ማንም ምድጃ አይደርስም።